የሰው ሻንጣ ይዞ ሲሲሊን መዞር

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ፣ አሜሪካ

ጎረቤት ሳይነሳ ታክሲዬን አስነሳሁ። ፍልሰታ ከተፈታ ገና ሦስት ቀኑ ነው፤ ሙቀቱ በዚህ ሰዓት እንኳ አልለቀቀም። ከኋላ ሁለት ትንንሽ ቦርሳ፣ ከጎኔ ባለቤቴ ጽጌ፣ በሸሚዜ ኪስ መንጃ ፈቃዴና ለውጭ አገር የሚያገለግለው ወረቀቱ። ሲሲሊ ልንሄድ ነው፤ እዚያም መኪና ተከራይተን ራሳችን እየነዳን ልንዞር።

የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ደስ ብሎት ነው የሚጀምረው። እኔ ተናድጄ ነው የጀመርኩት። ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ አልበረደልኝም። «ለመኪና ጉዞ ምን እንያዝ?» ብላችሁ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ላስቆማችሁኝ ሁሉ መልሱን እዚህ አንብቡት። ምን መያዝ እንዳለባችሁ እነግራችኋለሁ፤ ምን መያዝ እንደሌለባችሁ ግን አስቀድሜ እነግራችኋለሁ።

ክሪስታል ሲቲ አጠገብ ካለው ኤርፖርት ሰው እየጫንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ከኋላዬ ተቀምጦ ወዴት እንደምሄድ ሲነግረኝ ኖሯል። በዚህ ዓመት ሐኪሜ ዓይኔን መረመረና ግላኮማ ነው አለኝ። «እስከ ጥቅምት በቀን ብቻ ትነዳለህ። ከዚያ በኋላ በቃህ» አለ። ልጄ ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ስትሰማ አለቀሰች፤ በሳምንቱ ደውላ «ዳዲ፣ የት መንዳት ነው የምትፈልገው? ኤኒ ፕሌስ» አለችኝ። ብዙ አላሰብኩም። «ከባሕር ጎን ለጎን በሚሄድ መንገድ፣ የኋላ ወንበሩ ባዶ ሆኖ» አልኳት። ቲኬቱን ቆረጠች፣ መኪናውን ተከራየች፣ ካርታው ላይ የባሕሩን መንገድ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችልኝ። ሦስት ሙሉ ቀን የሚያስነዳ መንገድ ነው።

የምንይዘውን ዝርዝርም ጽፋ ፍሪጃችን ላይ ለጠፈችው። እውነቱን ለመናገር፣ ከእሱ የተሻለ ዝርዝር አላየሁም። ለሰው አንድ ለስላሳ ቦርሳ ብቻ፣ ምክንያቱም የዚያ አገር መኪና ዕቃ ማስቀመጫው የመሶብ ያህል ነው፤ ደረቅ ሻንጣ ደግሞ አይጠቀለልም። ሐኪም ያዘዘልኝ ጥቁር መነጽር። ባርኔጣ። መኪና ውስጥ የሚሰካ የስልክ ቻርጀር፣ የወረቀት ካርታ፣ ለፓርኪንግ የሚሆን ሳንቲም፣ የመኪናውን መስታወት ከፀሐይ የሚከልል ካርቶን። ለጽጌ ድፍን የእግር መንገድ ጫማ። ጽጌ ለዚሁ ብላ ነጭ ስኒከር ገዝታለች።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዕቅዱ ታክሲውን ቤቲ አፓርትመንት አቁመን በእሷ መኪና ወደ ባልቲሞር ኤርፖርት መሄድ ነበር። ፓርኪንጉ ውስጥ ስገባ ግን እትዬ አልማዝ ቆመዋል። አዛውንት የሚንከባከቡበትን የሥራ ልብስ እንደለበሱ፣ ከፈረቃ ቀጥታ መጥተው ነው። ከጎናቸው ዙሪያውን በቴፕ የተጠመጠመ ሰማያዊ ደረቅ ሻንጣ ቆሟል። ሻንጣው ላይ አምስት ፌስታል ተደርድሯል።

«እንዴት አደራችሁ! ትንሽ ልብስ ናት» አሉኝ። «ሲሲሊ ላለችው ለእህቴ ልጅ፣ ለትዕግስት። ፌስታሎቹ ደግሞ የማኅበርተኞቻችን ናቸው፤ ካታኒያ አንድ ልጅ አለ፣ እሱ ይቀበላችኋል።»

አነሳሁት። ትንሽ ልብስ የተባለው ወገቤን ይዞ አስቀመጠኝ።

«ለእያንዳንዳችሁ አንድ ሻንጣ ይፈቀድላችሁ የለ?» አሉ እትዬ አልማዝ። «የእናንተ ትንሽ ስለሆነች በእጅ ትገባለች።»

ይኸው ነው እኔን የሚያናድደኝ! የኛ ሰው አንተ ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ስንት ኪሎ እንደተፈቀደልህ ያውቃል። ያልሞላኸው ኪሎ ሁሉ የሕዝብ ነው። ወደ ጽጌ ዞርኩ። ጽጌ ሰማዩን ታያለች።

«ቃል ገብቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ማኅበርተኛዬ ናቸው፤ ምን ልበላቸው?»

«አይሆንም በያቸው!»

«አንተ በላቸው።»

አፌን ስከፍት እትዬ አልማዝ እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀምረዋል። መንገዱን ያቅናላችሁ፣ በሰላም ደርሳችሁ በሰላም ተመለሱ። እየመረቀ ያለን ሰው አይሆንም የሚባልበትን ዘዴ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። እኔ «አሜን» ብዬ ሻንጣውን ጫንኩ።

ቤቲ ስትወርድ አይታ ጮኸች። «ማሚ፣ ኖ! ዋን ባግ ነው ያልኩት! ሊስቱን አላያችሁትም?»

«አይተነዋል፣ የኔ ቆንጆ» አለች ጽጌ።

ባልቲሞር ኤርፖርት ሰማያዊው ሻንጣ ሚዛን ላይ ወጣና ከተፈቀደው አራት ኪሎ አለፈ። እንግዲህ ሥዕሉን ታውቁታላችሁ፤ ሰው እየተራመደብን መሬት ላይ ተንበርክከን ቴፕ ቅደድ፣ ዚፕ ፍታ፣ ይሄን አውጣ፣ ያንን አስገባ፣ መልሰህ ቴፕ ጠምጥም። ጽጌ ከላይ ከላይ ያለውን በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው ሳታይ እየጎተተች ወደኛ ቦርሳዎች ጠቀጠቀች። ከኛ ቦርሳ ደግሞ ለእሱ ቦታ የሚሆን ነገር ወጣ። የወጣውን በአንድ ከረጢት አድርጋ ለቤቲ ሰጠቻት። ከባልቲሞር ተነስተን ኒውዮርክ ስንደርስ ነው የወጣው ምን እንደሆነ የገባኝ። ጥቁር መነጽሬ፣ ባርኔጣዬ፣ የፀሐይ ካርቶኑ። የዓይን ጠብታዬ በጽጌ የእጅ ቦርሳ ስለነበረ ተረፈ።

«ለባሕሩ ያዘጋጀሁትን ሁሉ አስወጣሽው» አልኳት።

«እዚያ ይገዛል» አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ካታኒያ አላነጋገርኳትም።

እሑድ፣ ቀትር ላይ፣ ካታኒያ

ሙቀቱ ይገርፋል። ከከተማው ጀርባ ያለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ጭስ ይተፋል፤ ሕንጻው ሁሉ የከሰል ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። መኪና አከራዩ ወጣት ነው። ወረቀታችንን አየ፣ ሻንጣችንን አየ፣ እንደገና ወረቀታችንን አየ። «ሁለት ሰው ብቻ?» አለ በእንግሊዝኛ። ሁለት ሰው ብቻ።

መኪናዋ ነጭ፣ ትንሽ፣ ባለማርሽ ናት። አሜሪካ ማርሽ የነካሁበትን ቀን አላስታውስም፤ ግን አዲስ አበባ ላይ አምስት ዓመት ላዳ ነድቻለሁና እጄ አልረሳውም። እሱ ደስ አለኝ። ከዚያ የኋላ ኮፈኗን ከፈትኩ። ቦርሳዎቻችንና ፌስታሎቹ ገቡ፤ ሞላ። ሰማያዊው ሻንጣ በቁመቱ እንቢ፣ በጎኑ እንቢ። ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

ሞተር ሳስነሳ መኪናዋ መጮህ ጀመረች። ጢጢጢጢ። ሰው ያለ ቀበቶ ተቀምጧል ትላለች። አስቡት፣ ወንበሩ ላይ ክብደት ሲያርፍባት ሰው መስሏት ነው። ብጠብቅ አላቆመችም። ወርጄ፣ የኋላውን በር ከፍቼ፣ ሻንጣውን ቀበቶ አሰርኩለት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሳፋሪ ጭኜ ያልሠራሁትን ለሻንጣ ሠራሁ። ጽጌ በመስኮቱ ወደ ውጭ ትመለከታለች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ። እየሳቀች ነው።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ አሁንም ካታኒያ

ፌስታሎቹን የሚቀበለን ልጅ ስልክ አያነሳም። ሰኞ ጠዋት ደወልን፣ ሰኞ ማታ ደወልን፣ በቫይበር ጻፍን። ማክሰኞ አነሳና «ዛሬ ሥራ ላይ ነኝ፤ ነገ ብትመጡ» አለ። ነገ ብትመጡ! ቤቲ በቀይ ያሰመረችው መንገድ ከሆቴላችን በአሥር ደቂቃ ርቀት ይጀምራል። እኔ ግን የሰው በርበሬና የሰው ቫይታሚን እጠብቃለሁ።

ከተማዋን አልነቅፍም። በሩዝ የተሠራ የተጠበሰ ኳስ በሁለት ዩሮ ይሸጣል፤ አንዱ ያጠግባል። ዓሣ ተራው መሬቱ እርጥብ ነው፤ ሻጮቹ እንደ መርካቶ ነጋዴ ይጮሃሉ። መንገድ ላይ ከሚሸጥ ሴኔጋላዊ ጥቁር መነጽር በአምስት ዩሮ ገዛሁ፤ ወዲያው አንዱ እጀታ ተነቀለ። የጽጌን የፀጉር መቆንጠጫ ተበድሬ አያያዝኩት። ሐኪሜ ቢያየኝ ምን እንደሚል አላውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልጁን አገኘነው። ፌስታሎቹን ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ አንዱን ከፍቶ አየና «ስልኩን አልላኩልኝም እንዴ?» አለ። ለሦስት ቀኑ መንገድ የቀረን ሁለት ቀን ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ የትዕግስት ነው።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በደቡብ በኩል ካለ መንደር

ከካታኒያ ሁለት ሰዓት ያህል ነዳን፤ ባሕሩ በግራዬ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። በመስታወቱ ወደ ኋላ ባየሁ ቁጥር ሰማያዊው ሻንጣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ነጭ ሆነ። ላስቲክ ነው፤ ቲማቲም የሚበቅልበት የላስቲክ ቤት፣ ከላስቲክ ቤት ጎን ሌላ ላስቲክ ቤት፣ ዓይን እስከሚያይበት ድረስ።

ትዕግስት ነዳጅ ማደያ በር ላይ ጠበቀችን። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ዓይኔ እግሯ ላይ ቀረ። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል፣ የጣቶቿ ቆዳ በመድኃኒት ተልጧል፤ ቲማቲሙ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት መሬቱ ላይ ይወርዳል፣ ሠራተኞቹ ላዩ ላይ ይሄዳሉ።

ለአራት የተከራዩትን ክፍል አሳየችን። አልጋ፣ አልጋ፣ አልጋ፣ አልጋ፤ በመካከል የሚተላለፉበት አንድ ክንድ። ሐብሐብ ቆርጣ አቀረበችልን። «ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ፤ መንገድ አድክሞዎታል» ትለኛለች። ሻንጣውን፣ በቦርሳችን ከያዝንለት ዕቃ ጋር፣ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩት። ቴፑን በቢላ ቀደደችና ከፈተችው።

አሁን የምነግራችሁን ሙሉውን አንብቡ። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ፣ አምስት ጥንድ፤ ቀይ፣ ብርማ፣ ጥቁር። የእትዬ አልማዝ ልጅ ሃይስኩል ስትጨርስ ያደረገችው የሚያብረቀርቅ ቀሚስ። ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ ጃኬት፣ ሦስት። እጀታው የተሰበረ ኩባያ። ግማሽ ድረስ ያለቀ ሎሽን። አንድ ሹራብና አንድ ያልተከፈተ ቫይታሚን። እኔ መነጽሬን ባልቲሞር ጥዬ፣ ሦስት ቀን አጥፍቼ፣ ቀበቶ አስሬ ያመጣሁት የሰው ቁም ሣጥን ጥራጊ ነው!

«አንቺ ይሄን ነው የጠየቅሽው?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ጽጌ ክንዴን ያዘችኝ።

«አይ፣ እኔ እንኳን የሥራ ጫማ ነበር ያልኳቸው» አለች ትዕግስት ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «ድፍን የሆነ። ቁጥሬንም ነግሬያቸዋለሁ፣ ሠላሳ ዘጠኝ። ምናልባት ረስተውት ይሆናል። ችግር የለውም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ከዚያ፣ እኛን ላለማሳፈር ይመስለኛል፣ ቀዩን ጫማ አንስታ ያንን እግሯን ልታስገባበት ሞከረች። ግማሹ ላይ ቆመ። ሳቀች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

መልሼ ስዞር ጽጌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የነጩን ስኒከር ማሰሪያ እየፈታች ነው።

«የኔም ሠላሳ ዘጠኝ ነው» አለች።

«አረ እትዬ፣ በፍጹም! እርስዎ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«እኔ መኪና ውስጥ ነኝ፤ ምን እረግጣለሁ? ነጠላ ጫማሽን ስጪኝ።»

ትዕግስት ስኒከሩን አደረገች። ልክ ነው። ቆማ ወለሉን ሁለቴ ረገጥ ረገጥ አደረገችው። ከቅዳሜ ጀምሮ በቅጡ ያላነጋገርኳት ባለቤቴ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አጥልቃ ከጎኔ ቆማለች፤ በእሷ ላይ የነበረኝ ንዴት ያን ጊዜ ወጣልኝ። የቀረው ሁሉ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ እትዬ አልማዝ ዞረ።

ትዕግስት ሹራቡንና ቫይታሚኑን አወጣች። «የቀረውን የት አኖረዋለሁ፣ ጋሼ? ቦታውን አይተውታል። ለሌላ ሰው ይስጡልኝ።»

«ለሌላ ሰው አልሰጥም» አልኩ። «ለባለቤቱ ነው የምመልሰው።»

«አብደሃል?» አለች ጽጌ።

ዚፑን ዘጋሁት።

ስንወጣ ጽጌ የትዕግስትን እጅ ይዛ «ነገ ቀኑን ሙሉ ባሕሩን ይዘን ነው የምንነዳው። አስፈቅደሽ አብረሽን ብትውዪስ?» አለቻት።

«አይ እትዬ» አለች ትዕግስት። «እኔ ባሕር አይቻለሁ።»

ዓርብ፣ የባሕሩ መንገድ

እንግዲህ የመጣሁበት ቀን ይሄ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጥቁር ድንጋይ፣ የሎሚ ዛፍ፣ በገመድ የተሰጣ ልብስ፣ ከታች ውኃው። ውኃው ያምራል፤ መዋሸት አልችልም። ማርሽ ስቀይር እጄ ራሱ ያውቃል፤ መታጠፊያው ሲመጣ ቀስ፣ ሲያልፍ ፈታ። እንዲህ ነበር የፈለግሁት። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት መስታወት ማየት የለመደ ሰው በየደቂቃው ቀና ይላል። ቀና ባልኩ ቁጥር ሻንጣው አለ፤ ሻንጣውን ሳይ ደግሞ ያ እግር ይመጣብኛል። ባሕሩን ሳይ «አይቻለሁ» ያለችው ይሰማኛል። በዚህች ቀን ባሕሩን እንኳ በሰላም እንዳላይ ተደረግኩ።

መንገድ ዳር ሎሚ የሚሸጥ ሽማግሌ ጋ ቆምን። በመስኮቱ አጎንብሶ ቀበቶ የታሰረውን ሻንጣ አየና በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ሴትዮዋ አይወርዱም?» አለኝ። ጽጌ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አንድ ኪሎ ሎሚ ግን ገዛሁ።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ቤቲ ከባልቲሞር አምጥታ ፓርኪንጉ ውስጥ አወረደችን። የእናቷን እግር አየች፣ ሻንጣውን አየች። «ዌት፣ ይሄ አልደረሰም እንዴ?»

«ደርሷል» አልኩ። «ተመልሶ ነው።»

ጽጌ ደክሟት ቤቲ ጋ ልታድር ወሰነች። «ተወው፣ ቂም አትያዝ» አለችኝ። ሻንጣውን ታክሲዬ ውስጥ አስገባሁ። እትዬ አልማዝ የሚኖሩት ስድስት የትራፊክ መብራት አልፎ ነው። በሩን ከፍተው እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ዝቅ ብለው ሰማያዊውን ሲያዩ ጠፋ።

«ምነው፣ ሳታገኟት ቀራችሁ?»

«አግኝተናታል። ቁጥሯ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ የሥራ ጫማ ነበር የጠየቀችዎት።»

«ጫማዎቹ እኮ አዲስ ናቸው፤ ልጄ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው...»

«እግሯ ተልጧል፣ እትዬ አልማዝ። በነጠላ ጫማ ነው መድኃኒት ላይ የምትሄደው። እርስዎ ፓስፖርት አለዎት፤ ለምን ራስዎ ሄደው አያዩዋትም?»

ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ የምመልሰውንም ከሲሲሊ ጀምሮ ስደረድር ነው የመጣሁት። አልተቆጡም። የሻንጣውን እጀታ ያዙና ኮሪደሩ ላይ ቆሙ።

«አመጣሻለሁ፣ ጠብቂኝ እያልኩ አራት ዓመት አስቀመጥኳት» አሉ። «ሲሰለቻት በሊቢያ በባሕር ወጣች። በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት?»

ይሄም አናደደኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ተሸክሜው የመጣሁትን ንዴት የማራግፍበት ቦታ አጣሁ።

«ሠላሳ ዘጠኝ» አልኩ። «ድፍን የሆነ።» ደረጃውን ወረድኩ።

ጀምበር ሳትጠልቅ ቤት መድረስ ነበረብኝ። ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን ይዤ ድልድዩ ላይ ስወጣ ፀሐይዋ በቀኜ ዝቅ ብላ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ተኝታለች። ከልማድ የተነሳ ቀና ብዬ መስታወቱን አየሁ። የኋላ ወንበሩ ባዶ ነው። ወዴት እንደምሄድ የሚነግረኝ አንድም ሰው የለም። ይህንኑ ፈልጌ ነበር ያን ያህል አገር ያቋረጥኩት።

አሌክሳንድሪያ መውጫው ጋ ስደርስ አልወጣሁም። የሚቀጥለው ድረስ ነዳሁ፤ እዚያ አንድ የጫማ መደብር እንዳለ አውቃለሁ። ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። «ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሁለት ጥንድ» አልኩ። አንዱ የጽጌ ነው። ሌላውን ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ ይቺ መኪና አትጮህም፣ ቢሆንም ቀበቶ አሰርኩለት። አሁን ወደ ሲሲሊ የሚሄድ ሰው እየፈለግሁ ነው። ትንሽ ዕቃ ናት።